ከተራዳው ላይ የታየ ውሃ

አያ ደርበው ቤት የመጣ እንግዳ የሚቀመጠው ታንኳ ላይ ነው። ከአንድ ረጅም ሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ነጭነቱ ወደ ቢጫ የሄደ የፕላስቲክ ሳንቃ በአራት ብሎኬት ላይ ተጋድሞ፣ አጎዛ ተነጥፎበት፣ ለሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ከሚገባው በላይ ወግ ያለው መደብ ሆኗል። ባለቤቱ የቤቱ ልጅ አዳም ነው። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር አንድ መዝናኛ ውስጥ ዓመታት ሠርቶ ወደ ላሊበላ ሲመለስ፣ ሰፈርተኛው ከአይሱዙው ላይ ፍሪጅ ወይም ሶፋ ይወርዳል ብሎ ሲጠብቅ፣ እሱ ይህን ሳንቃ፣ አንድ ረጅም ተራዳና አንድ የተጠቀለለ ሸራ አወረደ። መዝናኛው አርጅቷል ብሎ የጣለው ነው። ፈረንጆች ሳንቃው ላይ ቆመው፣ ተራዳው ላይ የተወጠረውን ሸራ በእጃቸው ይዘው፣ ነፋስ እየገፋቸው ውሃ ላይ ይበሩበታል፤ ዊንድሰርፍ ይባላል፤ እኔም አውቄው አስተምር ነበር ብሎ አስረዳ። እናቱ እማማ አለሜ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ ውሃውንስ መቼ ታመጣዋለህ አሉት። ከዚያ ወዲህ ሳንቃው መደብ ሆነ፤ ሸራው ጣሪያው በሚያፈስበት ጥግ ተወጥሮ ክረምቱን አሻገራቸው፤ ተራዳው ደጅ ላይ ልብስ ይሰጣበታል። ሁሉም ተለማመደው። አያ ደርበው ብቻ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠውበት አያውቁም። በሩ አጠገብ ባለች ዱካቸው ላይ ሆነው፣ ልጃቸውንም ታንኳውንም ሳያዩ፣ ውጭ ውጭውን ያያሉ።

በዚያ የታኅሣሥ ማለዳ ታንኳው ላይ የተቀመጠው እንግዳ ምስጋኑ ነበር። ምስጋኑ ትምህርት ቤት ሳሉ የቤቱን ልጅ ሰብሌን በሁለት ክፍል የሚቀድማት፣ የሒሳብ የቤት ሥራ ግን ከእሷ የሚገለብጥ ልጅ ነበር። ከተሾመ ወዲህ «አቶ» የምትባለው ቃል ከስሙ ፊት ተተክላ አልነቀል ብላለች። የሰንጋ ሜዳን ግድብ ጉዳይ የያዘው እሱ ነው። እማማ አለሜ ያቀረቡለትን ቆሎ እየዘገነ የመጣበትን ተናገረ፤ የሚፈልገው የተቀመጠበትን ነገር ነበር። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግድቡን የሚረከቡ እንግዶች ከላይ ይመጣሉ። መንገዱ አቧራ ስለሆነና እንግዶቹም ስለሚደክማቸው እነሱ ወደ ግድቡ አይሄዱም፤ ግድቡ በፊልም ወደ እነሱ ይመጣል። ፊልሙን ሰብሌ ታነሳለች። ከጥቃቅንና አነስተኛ በተሰጣት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ከፍታ ሠርግና ክርስትና የምታነሳ እሷ ናት። አዳም ደግሞ በታንኳው ውሃው ላይ ይበራል። እንግዶቹ ሲያዩ ሰንጋ ሜዳ ለመስኖ ብቻ ሳይሆን ለውሃ ቱሪዝምም የበቃ፣ ለሌላው የሚቀመር ምርጥ ተሞክሮ መሆኑን ይረዳሉ።

ሰብሌ ከዳር ሆኜ በትልቁ ካሜራ ላንሳው ስትል ምስጋኑ እጁን አወዛወዘ። ከዳር ሆነሽ ካነሳሽው ዳሩ ይታያል አላት። የሚፈልገው ትንሿን ካሜራ ነው። ባለፈው ገና አንድ ቱሪስት የማኅሌቱን ቪዲዮ ገልብጣ ስለሰጠችው የተወላት፣ በመዳፍ የምትያዝ፣ ውሃ የማይገባባት ካሜራ አለቻት። ሰብሌ በሠርግ ዳስ መሐል ካለው ምሰሶ አናት ላይ አስራ፣ ቁልቁል ወደ ሰው አዙራ ትተዋታለች። ትልቁን ካሜራ ሲያይ አንገቱን የሚያቃና፣ ጉርሻውን የሚያሳንስ ሰርገኛ ምሰሶው ላይ ያለችውን ወዲያው ይረሳታል፤ እንደልቡ ይበላል፤ እንደልቡም ያማል። ሰብሌ ስንት ሰው ስለ ሙሽራይቱ ያለውን አጥፍታ ስንት ትዳር እንዳዳነች እሷና ያቺ ካሜራ ናቸው የሚያውቁት። ምስጋኑ ይህን አይቷል። ታንኳው ተራዳ አለው፤ ካሜራዋ ከተራዳው አናት ቁልቁል ስታይ ከአዳምና ከእግሩ ሥር ካለው ውሃ በቀር የምታየው አይኖርም። የደረቀው ጭቃ ከፊልሙ ውጭ ይቀራል።

አያ ደርበው ከዱካቸው ሆነው ሲሰሙ ቆዩ። ሰንጋ ሜዳ የእሳቸው መሬት ነበር፤ የእሳቸውና የጎረቤቶቻቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ግድብ ይሠራ፣ መሬታችሁን ልቀቁ፣ ከግድቡ በታች በመስኖ የሚለማ ምትክ ታገኛላችሁ የተባለ ጊዜ፣ ሞዴል ገበሬ ስለነበሩ ከሰው ሁሉ ፊት ተቀምጠው ነበርና እጃቸውን ቀድመው ያወጡት እሳቸው ናቸው። ሌላው የእሳቸውን እጅ አይቶ ነው ያወጣው። ግድቡ ተሠራ፤ ውሃ ግን አይዝም። ክረምቱ የሚሞላውን መስከረም ሳያልቅ ከሥሩ ባለ ስንጥቅ ይጠጣዋል። ምትኩ መሬት እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ደርቆ ተቀምጧል። ሥራ ተቋራጩ እስካሁን ድንኳኑን ያልነቀለው ርክክቡ ስላልተፈረመ ብቻ ነው። ዛሬ ከተፈረመ ግን ስንጥቁን እንደተከፈተ ትቶ ይሄዳል፤ ግድቡም «የተጠናቀቀ» ተብሎ ይዘጋል፤ የሰንጋ ሜዳ ሰው መሬቱንም ውሃውንም አጥቶ ይቀራል። ይህን በቤቱ ያለ ሁሉ ያውቃል። እምቢ የሚል ግን አልነበረም። እምቢ ቢባል የቪዲዮ ቤቱ ቁልፍ ማን እጅ እንደሚገባ ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር።

አዳም ተነስቶ አጎዛውን ገፈፈ፤ ሸራውን ከጥጉ፣ ተራዳውንም ከደጅ አወረደ። እማማ አለሜ ሳንቃው በመንገድ እንዳይፋቅ በነጭ ጋቢ ጠቀለሉት። ምስጋኑ ጋቢና ገባ፤ አዳም፣ ሰብሌና ማንም ሳይጠራቸው የወጡት አያ ደርበው ፒክአፑ ላይ ሳንቃውን መሐል አድርገው ግራና ቀኝ ተቀመጡ። እንዲህ ተቀምጠው ወደ ሙጃ በሚወስደው መንገድ ሲወጡ፣ ከገጠር ለገበያ የሚወርደው ሰው ጥግ እየያዘ ቆሞ ያሳልፋቸው ጀመር። ከአሸተን ማርያም የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ቆባቸውን አውልቀው ነፍስ ይማር አሉ። አንዲት ሴትዮ ሸክሟን አውርዳ ደረቷን ያዘችና የማን ቤት ነው ያዘነው ብላ ጠየቀች።

«ግድቡ ነው» አለ አዳም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መሞቱን ልናይ ነው የምንሄደው።»

ሰብሌ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። አባቷ ፊታቸውን አላዞሩም፤ ትከሻቸው ግን አንድ ጊዜ ተነቃነቀ። የመንገዱ ጉድጓድ ስላነቃነቃቸው ይሁን ሌላ አልታወቀም።

ሰንጋ ሜዳ ሲደርሱ ነፋሱ ቀድሟቸው ነበር። ትልቅ የአፈር ቅርጫት ይመስላል ግድቡ፤ ዙሪያውን የተሰነጣጠቀ ግራጫ ጭቃ፣ ሥሩ ላይ የምታብለጨልጭ ውሃ። ግንቡ ጥግ ትንሽ ትጠልቃለች፤ ወደ ሜዳው ስትሄድ እየሳሳች ትጠፋለች። ከበላይ ባለው ዳገት የአካባቢው ከብት ሁሉ ተሰብስቦ ቆሟል። ሚሊሻው ከፋለ ጠመንጃውን አንግቶ፣ በትሩን ይዞ ይጠብቃል። ከብቱን የሚጠብቀው ከሌባ አልነበረም፤ ከውሃው ነው። ፊልሙ እስኪነሳ ድረስ እንዳይጎድል በሚል ከብት ከግድቡ እንዳይጠጣ ከተከለከለ ሰንብቷል፤ ሩቅ ወንዝ እየተነዳ ነው የከረመው። ከፋለ የራሱ ጊደር ከመንጋው መሐል ሆና ወደ ውሃው ስታገሳ ሰምቶ እንዳልሰማ ፊቱን አዞረ።

ሰብሌ ካሜራዋን ከጎማ ላስቲክ በተቀደደ ማሰሪያ ከተራዳው አናት ላይ አጥብቃ ማሰር ጀመረች። አዳም ሸራውን እየወጠረ ጠጋ አላት።

«ይሄ እንደ ዳስ ምሰሶ አይደለም» አላት። «ይጋደማል። ወዲህም ወዲያም ይዞራል። ካሜራዋ የምታየው ምስጋኑ በፈለገበት ሳይሆን ነፋሱ በፈለገበት ነው።»

ሰብሌ ወደ ምስጋኑ አየች። «የውሃ ሀብታችንን ለሁለንተናዊ ልማት» የሚል ጨርቅ ከሁለት እንጨት መሐል እያስወጠረ፣ ነፋሱ ደግሞ እየነጠቀው ይታገላል።

«ልንገረው?»

«ጠይቆሻል?»

አልጠየቃትም። ላስቲኩን አንድ ዙር ጨመረችበት፤ ቀይዋን የመቅጃ መብራት አበራች፤ ለማንኛውም ብላ ትልቁን ካሜራ ልታመጣ ወደ መኪናው ሄደች። ተራዳው ከነሸራው ዳር ላይ ቆሞ ቀረ።

አዳም ወደ ውሃው የገባው ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጫማውን ዳር ትቶ ነው። ገበሬዎቹ ቁጭ ብለው ያያሉ፤ ከሴቶቹ አንዷ ደርበው ልጁን ትምህርት ቢያስጨርሰው ይሻል ነበር አለች። አያ ደርበው ሰሙ። የደረቀው ጭቃ ጫፍ ላይ፣ ያኔ የእርሻቸው ራስጌ በነበረው ቦታ ቆመው ነበር። አዳም ሳንቃው ላይ ወጣ፤ ሁለት ጊዜ ተንገዳገደ፤ ሸራውን ከውሃው ስቦ አነሳውና ወደ ኋላ ተለጠጠ። ያኔ ከዳገቱ የወረደው ነፋስ ሸራውን ያዘው። ሳንቃው ተነሳ፤ ከግንቡ ሥር ተፈትልኮ፣ ከኋላው ነጭ መስመር እየተወ በረረ። አዳም በነፋሱ ላይ ተደግፎ፣ ጀርባው ውሃውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ሳይወድቅ ሄደ። የሚያዩት ሁሉ ቆሙ። ትምህርቱን ያነሳችው ሴትዮ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰብሌ ትልቁን ካሜራ ይዛ ማንሳቱን ረስታ ቀረች። ወንድሟ ያን ሁሉ ዓመት ለምን ላንጋኖ እንደቀረ፣ ለምን ደግሞ ፍሪጅ ትቶ ይህን እንዳመጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት።

ምስጋኑ ከግንቡ እንዳይርቅ አስጠንቅቆት ነበር። አዳም ወይ ረሳው፣ ወይ ነፋሱ ወሰደው። በኋላ ሲጠየቅ ነፋሱ ነው ብሏል፤ ሲናገር ግን ጥርሱ ይታይ ነበር። ብቻ ሳንቃው ወደ ሜዳው በኩል ዞሮ፣ ውሃዋ ወደሳሳችበት በሙሉ ኃይሉ ሄደና ከሥሩ ያለችው አቅጣጫ ማስያዣ ስለት ጭቃ ውስጥ ተሰካች። ሳንቃው ቀጥ አለ፤ አዳም ግን አልቆመም። በአየር ላይ ሄዶ ተንቦራጨቀ፤ ተራዳው ከነካሜራው ከጎኑ ተጋደመ። ምስጋኑ ሰጠመ፣ ድረሱለት እያለ ተሯሯጠ። አዳም ቁጭ አለ። ከዚያ ተነስቶ ቆመ። ውሃው ከጉልበቱ በታች ነበር።

መጀመሪያ የሳቀው ከፋለ ነው፤ በትሩን ተደግፎ፣ ጠመንጃው ከትከሻው እስኪንሸራተት ሳቀ። ጠባቂው መሳቁን ከሰው ሁሉ ቀድማ ያወቀችው የራሱ ጊደር ነች። አለፈችው። ከኋላዋ መንጋው ሁሉ ዳገቱን እያስተጋባ ወረደ፤ የምስጋኑን ጨርቅ በቀንዱ ይዞ አለፈ፤ ውሃዋ ውስጥ ገብቶ አፉን ደፋ። ማንም ሊያስጥለው አልቻለም። ብዙ ሰውም አልሞከረም።

አዳም እጁን ወለም ስላለው ተራዳውን ማንሳት አቃተው። አያ ደርበው ያኔ ገቡ። ጫማቸውን አላወለቁም፤ በከብቱ መሐል እየገፉ ሄደው፣ ከመጣበት ቀን ጀምሮ በእጃቸው ነክተውት የማያውቁትን ተራዳ ከጭቃው ነቅለው፣ ሸራው ከሥሩ እየተንጠባጠበ፣ ቀጥ አድርገው ትከሻቸው ላይ አቆሙት። በቀስታ፣ ቁልቁል መሬቱን እያዩ፣ በየጥቂቱ እየቆሙና ዙሪያቸውን እየቃኙ ወደ ዳር ወጡ። ከአናታቸው በላይ ቀይዋ መብራት እንደበራች ነበር።

ምስጋኑ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ከሰብሌ አጠገብ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ አቧራውን አራግፎ፣ ንዴቱንም ዋጥ አድርጎ ነበር። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ግድግዳው ላይ ለናሙና የተሰቀሉ ሙሽሮች፣ በሩ ላይ «ሠርግ ከነኤዲቱ፣ በቅናሽ» የሚል ጽሑፍ። በመጀመሪያ ያለው ድምፁን አጥፊው ነው፤ የነፋስ ጩኸት ምን ያደርጋል፣ ዘፈን እናስገባበታለን አላት። አጠፋችው። ከዚያ ይቆረጥ፣ ይቆረጥ ማለት ጀመረ። ዳሩ የታየበት ይቆረጥ። ከብት ይቆረጥ። መውደቁ፣ ከመውደቁ ይበልጥ ደግሞ መቆሙ ይቆረጥ። መጨረሻ ላይ የቀረችው አዳም ከግንቡ ሥር የበረረባት፣ ጸጉሩና ውሃው ብቻ የሚታዩባት አጭር ቁራጭ ሆነች። ምስጋኑ ትንሽ አሰበና ደጋግሚያት አላት፤ ስትደጋገም ውሃው ብዙ ይመስላል። ደጋገመቻት። ዘፈን አስገባችበት። በፍላሽ ገልብጣ ሰጠችው፤ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ እንግዶቹን ምሳ ሊያበላ ሄደ።

ሰብሌ ያልተቆረጠውን ሙሉ ፊልም እንደገና ከፈተችው። ድምፁን አበራች። ነፋስ ነበር። ከነፋሱ በፊት ግን፣ ተራዳው ዳር ላይ ቆሞ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ የምታውቀው ድምፅ ከሥሩ ይናገራል። ምስጋኑ ጨርቁን ወጥሮ ሲያበቃ ከሸራው ጥላ ሥር ቆሞ ከፋለን እያዘዘው ነበር። እንደ ሠርገኛው ሁሉ እሱም ከላዩ ያለችውን ረስቷታል።

«እንግዶቹ ፈርመው እስኪሄዱ አንዲት ላም ጠጋ እንዳትልብኝ። ምን ያህል ልትጠጣ ነው ብለህ እንዳትንቅ። ያለችን ውሃ ይችው ናት።»

ሰብሌ ሁለተኛ ጊዜ ልትሰማው ስትመልሰው በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። አያ ደርበው ነበሩ። እማማ አለሜ ምሳ ቋጥረው ልከዋቸው ነው፤ ቪዲዮ ቤቱን ከከፈተችው ጀምሮ ግን ደፉን ረግጠው አያውቁም። ቁጭ ይበሉ አባዬ አለቻቸው። በምስጋኑ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሱሪያቸው ላይ ጭቃው ደርቆ ነጥቷል። ምሳውን አላነሱም፤ ዓይናቸው ኮምፒውተሩ ላይ ሄደ። ሰብሌ ማቆም ነበረባት፤ አላቆመችም።

ካሜራዋ ከተራዳው ጋር ወድቃለች። ውሃ ውስጥ ናት፤ ከላይ ግን ፀሐይ ስለሚገባ ሁሉም ይታያል። ውሃዋ ጠርታ፣ ከሥሯ ትልም ይታያል። የበሬ ትልም፤ ከዓመታት በፊት የታረሰ፣ መስመር በመስመር፣ አሁንም ያልፈረሰ። ከትልሙ ጫፍ ረድፍ ድንጋይ አለ፤ መሐሉ ላይ አንድ ጥቁር፣ እንደ ጉልቻ የቆመ ድንጋይ። ከዚያ የከብት አፍ መጣ፤ አንዲት ጊደር መስተዋቱን ላሰችው። ከዚያ ሁሉም ነገር ከጭቃው ተነስቶ ወደ ሰማይ ወጣ። ተራዳው በአያ ደርበው ትከሻ ላይ ቆሟል። ካሜራዋ ከላይ ሆና ዘወር አለች፤ ደረቁ ጭቃ፣ ስንጥቁ፣ የተዘረጋው ባዶ ቅርጫት፣ ዳር የቆመው ሰው፣ ከግንቡ ማዶ ያለው ምትክ የተባለው ደረቅ መሬት፣ አንዱም ሳይቀር ቀስ እያለ አለፈ። የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ነኝ የምትለው ሰብሌ እንኳ እንዲህ ረጋ ብላ ካሜራ አዙራ አታውቅም።

«ይሄን ያነሳው ማነው?» አሉ አያ ደርበው።

«እርስዎ ነዎት።»

እንዲመለስላቸው በጣታቸው አሳዩ፤ መለሰችላቸው። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሲደርስ አቆመችላቸው። ከአባታቸው ጋር የተከሉት የድንበር ድንጋይ ነበር። የኮምፒውተሩን ፊት በመዳፋቸው ሊነኩ እጃቸውን ዘረጉና ተዉት። ያ እጅ ነው በስብሰባው ቀድሞ የወጣው። ስለዚያ ቀን በቤታቸው ተነስቶ አያውቅም፤ አሁንም አላነሱትም።

«አቶ ምስጋኑ ይሄን ቆርጦታል?»

«ቆርጦታል።»

«ብታሳዪው ቤቱን ይወስድብሻል።»

«ይወስድብኛል።»

«ፈርተሻል?»

«ፈርቻለሁ።»

አያ ደርበው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ያኔ ምንም አልፈሩም ነበር፤ እጅ አውጡ ሲባሉ ያወጡት ደስ ብሏቸው ነው። ምሳውን ፈትተው ወደ እሷ ገፉላትና ብዪ፣ የርክክቡ አዳራሽ ሲሞላ ቦታ አይገኝም፣ ቀድሜ ልያዝ ብለው ወጡ።

አዳራሹ ውስጥ ከፊት ለእንግዶቹ ጠረጴዛ ተሰልፏል፤ በየአንዳንዱ ፊት የታሸገ ውሃ ተቀምጧል። የእንግዶቹ መሪ ኢንጂነር ሪሃና የምትባል፣ ሻሿን በጥንቃቄ ያሰረች፣ ንግግር ሲረዝም እስኪርቢቶዋን እየከደነችና እየከፈተች የምትጠብቅ ሴት ነች። ንግግሩ ረዝሞ ነበር። ምስጋኑ ስለ ውሃው ሀብት፣ ስለ አርሶ አደሩ ባለቤትነት፣ ስለ ልማት ሠራዊቱ ተናገረ። ከኋላ የሰንጋ ሜዳ ሰው አግዳሚ ላይ ተጨናንቋል፤ አያ ደርበው ከፊተኛው ረድፍ ናቸው፤ እንደያኔው። አዳም እጁን በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከጎናቸው ተቀምጧል። አባትና ልጅ በአንድ አግዳሚ ከተቀመጡ ቆይተዋል።

ምስጋኑ ፍላሹን አምጥቶ ሰብሌ እጅ ላይ አኖረና ጀምሪ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ፍላሹን ከኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀመጠችው። እጇን ጉልበቷ ላይ ጠረገችና ሙሉውን ፊልም ከፈተች። ድምፁንም እስከ መጨረሻው።

መጀመሪያ የመጣው ነፋስ ነው፤ ከነፋሱ መሐል የምስጋኑ ድምፅ። አንዲት ላም ጠጋ እንዳትልብኝ። ያለችን ውሃ ይችው ናት። አዳራሹ ውስጥ ከኋላ አንድ ሰው አስነጠሰ፤ ሌላ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ምስጋኑ ወደ ኋላ ዞረ፤ በዓይኑ፣ ቀጥሎም በእጁ አጥፊው አላት። ሰብሌ አየችው። የሒሳቡን የቤት ሥራ ሲገለብጥ የነበረበት ፊት ነው፤ ያኔም ስህተቱን እንድታርምለት ይፈልግ ነበር። ፊቷን ፊልሙ ወደሚታይበት ሸራ መለሰች። አዳም በረረ። ዛሬ ዳር ሆነው ያላዩት እንኳ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ወደቀ፤ ተነሳ፤ ውሃው ከጉልበቱ በታች ሆነ፤ አዳራሹ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ከእንግዶቹም አንዱ ሳቀና አፉን ያዘ። ትልሙ ሲመጣ ግን ሳቁ ቆመ። ጥቁሩን ድንጋይ ብዙ ሰው ለየው። ከኋላ አንዲት ሴት የራሷን ድንበር አይታ ስሙን ጠራች፤ እንደሞተ ሰው ስም። ምስጋኑ ተነስቶ ወደ ሶኬቱ ሄደ። አዳም ቀድሞት ተነሳና ደህናውን እጁን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ሶኬቱን በጀርባው ከልሎ ቆመ። ላንጋኖ ላይ የተማረው ነው፤ ነፋስ ሲገፋ ወደ ኋላ መደገፍ።

ፊልሙ ደረቁን መሬት አሳይቶ፣ መጨረሻ ላይ የአያ ደርበውን ከነጫማቸው የጨቀየ እግር አሳይቶ አበቃ። መብራቱ ሲበራ ኢንጂነር ሪሃና እስኪርቢቶዋን ከድናው ነበር።

«ቦታው በመኪና ምን ያህል ነው?»

ምስጋኑ መንገዱ አቧራ ነው፣ እንግዶቹ ይደክማሉ፣ ፊልሙም በስህተት የተቀላቀለ ነው አለ።

«አቧራ እናውቃለን» አለች። «ነገ ጠዋት እንሄዳለን። ዛሬ የሚፈረም የለም።» የታሸገውን ውሃ ሳትከፍት ተነሳች።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ሰብሌ ገመዷን ጠቅልላ በሩ ላይ ስትደርስ ምስጋኑ ጠበቃት። ድምፁን አላነሳም። ነገ በማለዳ፣ እንግዶቹ ሳይነሱ፣ እቤታችሁ እመጣለሁ፣ የቪዲዮ ቤቱን ቁልፍ አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ አላት። እሺ አለችው። እሺታዋ ከጠበቀው በላይ ቀላል ስለነበረ ግራ ገባው።

ቤት ስትደርስ አዳም ሳንቃውን በአራቱ ብሎኬት ላይ መልሶታል። አንዱ ጫፍ ከጭቃው ጋር ሲጋጭ ተሰንጥቋል። እማማ አለሜ አጎዛውን እያነጠፉ፣ ተራዳው ከዛሬ ወዲያ ልብስ አይሰጣበትም፣ ገመድ እገዛለሁ ይላሉ፤ የአዳምን እጅ በቅቤ እያሹ ደግሞ ግን ሲበር የት ነበርኩ እያሉ ይቆጫሉ። ሰብሌ ስለ ቁልፉ ነገረቻቸው። አያ ደርበው ከዱካቸው ተነሱ። ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀው፣ በቤቱ መሐል አልፈው፣ ታንኳው ላይ ተቀመጡ። ሳንቃው ትንሽ ሰጠም ብሎ ተሸከማቸው። ጋቢያቸውን ሰበሰቡና ከጎናቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«አዳም፣ ጠጋ በል። ለአቶ ምስጋኑ ቦታ ተውለት። ነገ በማለዳ እንግዳ አለብን።»

ሰብሌ ቦርሳዋን ከፈተች። ትንሿን ካሜራ አወጣች፤ መስተዋቷ ላይ የጊደሯ ምላስ የተወው ምልክት አሁንም አለ። በነጠላዋ ጠረገችው። ከዚያ ዱካዋን ስባ ወጣችበትና ካሜራዋን ከቤቱ ምሰሶ አናት ላይ አሰረች፤ የጎማውን ላስቲክ ሦስት ዙር አዞረችበት፤ ፊቷን ነገ ምስጋኑ ወደሚገባበት በር አቀናቻት።